ኦሮማይ የቢሮ ልቦለድ ነው

ኦሮማይን ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። መጀመሪያ ሃይስኩል እያለሁ፣ ሽፋኑ ተገንጥሎ በፕላስተር የተያያዘ ቅጂ ከአጎቴ ተውሼ ነው። ያኔ ፊያሜታ ያለችበትን ገጽ እየፈለግኩ ሌላውን ዘለልኩት። ሁለተኛው ግቢ፣ ዶርም ውስጥ ነው፤ ያኔ ደግሞ የደርግን ታሪክ የማጠና መስሎኝ አነበብኩት። ሦስተኛው ጎፋ አካባቢ ባለ ሕንጻ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ በምሳ ሰዓት ነው። በዚያ ሰሞን ሥራዬ ሠራተኞች ኮምፒውተራቸው ፊት መኖር አለመኖራቸውን የሚመዘግብ ሶፍትዌር መጻፍ ነበር። ጠዋት ኮዱን እጽፋለሁ፣ ምሳ ላይ በዓሉ ግርማን አነባለሁ፣ ከሰዓት ወደ ኮዱ እመለሳለሁ። ሁለቱ ስለ አንድ ነገር እንደሚያወሩ እስክረዳ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ለነገሩ ፈጣን አንባቢ ሆኜ አላውቅም።

ስለ ኦሮማይ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሱት የፊያሜታ ፍቅር፣ የናቅፋ ጦርነትና የደራሲው መጥፋት ናቸው። መነሳታቸው ልክ ነው፤ ግን አንድ ቀላል ነገር ይጋርዱብናል። ጸጋዬ ኃይለማርያም አስመራ የሄደው ለሥራ ነው። የታወቀ የመንግሥት ጋዜጠኛ ነው፣ በ1974 ዓ.ም. የቀይ ኮከብ ሁለገብ አብዮታዊ ዘመቻ የፕሮፓጋንዳ ኃላፊ ሆኖ ተመድቧል። አለቆች አሉት። ስብሰባ ይጠራል፣ ሥራው ይጠበቃል፣ አዲስ አበባ የቀረችው እጮኛው ሮማን ደግሞ የአስመራ ቆነጃጅት እንዳይወስዱባት ትሰጋለች። ዛሬ በእኛ ቋንቋ «ፊልድ ወጥቷል» የምንለው ሰው ነው፤ አበሉ ስንት እንደሆነ ባናውቅም።

እንደ ሠራተኛ ስታዩት መጽሐፉ ሌላ ይሆናል። የኦሮማይ አስመራ በቡና ቤትና በመጠጥ ቤት የተሞላች ከተማ ናት፤ ቤቶቹ ደግሞ በሰላይ የተሞሉ ናቸው፣ ከዚህም ከዚያም ወገን። ስለዚህ ጸጋዬ ከሥራ የሚወጣበት ሰዓት የለውም። ቢሮ ውስጥ ያለው ዓይን ማታም አብሮት ይወጣል፤ ምን ጠጣ፣ ከማን ጋር ተቀመጠ፣ ከማን ጋር ሄደ የሚለው ሁሉ ለአንዱ ወይም ለሌላው ወገን መረጃ ነው። ፊያሜታን መውደዱም እንደዚሁ። ሌላ ልቦለድ ውስጥ ቢሆን የሁለት ሰዎች ጉዳይ ይሆን ነበር፤ እዚህ ግን የሥራ ጉዳይ ነው፣ ምክንያቱም ይህ ሰው ሙሉ ለሙሉ ለሥራው የተሰጠ ነው ተብሎ ይታሰባል።

በዓሉ ይህን ያሳየበትን መንገድ ለረጅም ጊዜ አላስተዋልኩትም፤ ትረካው በአንደኛ መደብ ነው። «እኔ» እያለ የሚያወራን ሰው ለአለቆቹ እንደዚያ አያወራም። ለእነሱ የዘመቻው ቋንቋ አለው፣ ለእኛ ደግሞ የሚጠራጠርበት፣ የሚያፍርበት፣ የሚስቅበት ሌላ ቋንቋ። መጽሐፉ በገፋ ቁጥር በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ይሰፋል። አንባቢው ያንን ርቀት የሚያውቅ ብቸኛ ሰው ነው። የሥራ ቦታ ምስጢር ምንድን ነው ብትሉኝ ይሄ ነው የምላችሁ፤ የተሰረቀ ገንዘብ ወይም የተደበቀ ፍቅረኛ አይደለም፣ ሰው ስለ ራሱ ሥራ ለራሱ የሚናገርበት ቋንቋ ነው። ብዙዎቻችን «የምደብቀው የለኝም፣ ይዩኝ» ስንል የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የምንደብቀው ባይኖረንም የምንናገረው ሊኖረን ይችላላ!

የደራሲውን ታሪክ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ግን እሱንም እንደ ሠራተኛ ታሪክ ልድገመው። በዓሉ ግርማ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ቋሚ ተጠሪ ነበር፣ ማለትም ቀጣሪው መንግሥት ነው። ወደ አስመራ የሄደው በዘመቻው ለመሥራት ነው። ዓይኑን ግን ይዞ ሄደ። ከሥራ ላይ ያየውን ጻፈው፣ በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ በኩል፣ በፊት ለፊቱ በር አሳተመው። መጽሐፉ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ። እሱም ከሥራው ተባረረ። የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም. ማታ ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም፤ ቮልስዋገን መኪናው ቃሊቲ አካባቢ ቆማ ተገኘች። በፈረንጅ አቆጣጠር 1984 ነው። ጆርጅ ኦርዌል የልቦለዱ ርዕስ ያደረገው ዓመት መሆኑ አጋጣሚ ብቻ ነው፣ ግን ማለፍም ይከብዳል።

ከጎተራ በሳሪስ አድርጎ ወደ ቃሊቲ የሚወርደው የድሮው ደብረ ዘይት መንገድ የእኛን ክፍለ ከተማ ዳር ይዞ ያልፋል። አክስቴ ሳሪስ ስለምትኖር በየሳምንቱ እሄድበታለሁ። ስሙ ራሱ ይገርመኛል። ንፋስ ስልክ ማለት ሽቦ የሌለው ስልክ ማለት ነው፤ ሰፈሩ ስሙን ያገኘው በአካባቢው ከነበረው የሬዲዮ ቴሌግራፍ ጣቢያ ነው። የዛሬው ዋይፋይ ቀድሞ የተተረጎመበት ሰፈር ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው በዋይፋይ ሰው የሚከታተል ፕሮግራም የጻፍኩት።

የበዓሉ ጥፋት ምን ነበር? ምስጢር ለጠላት አልሸጠም። ቀጣሪው እሱን የማየት ሙሉ መብት ነበረው፤ የሚጽፈውን፣ የሚውልበትን፣ የሚያወራውን። እሱ ግን መልሶ አየ። የሠራተኛ ክትትል የሚባለው ነገር ሥሩ ይህ ይመስለኛል። ጥያቄው አለቃዬ ያየኛል ወይ አይደለም፤ ሲቀጥረኝ ሊያየኝ እንደሆነ አውቃለሁ። ጥያቄው በሥራ ላይ የሆነውን ነገር የመተረክ መብት የማን ነው የሚለው ነው።

ክትትል ከቻይና አሻራ ማሽን ጋር የመጣ የሚመስለን ካለን ተሳስተናል። የደርግ ጊዜ መሥሪያ ቤት የውይይት ክበብ ነበረው፣ ሂስና ግለሂስ ነበረው። ኢህአዴግ ግምገማን ከበረሃ ይዞ ወደ ቢሮ ገባ። ቀጥሎ 1ለ5 መጣ። እናቴ አስተማሪ ነበረች፤ የቡድኗን የ1ለ5 መዝገብ ቤት ይዛ የምትመጣበት ዓርብ ማታ ትዝ ይለኛል። የሳምንቱን ውይይት በአንድ ቁጭታ ትሞላዋለች፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ቀኑን እየቀያየረች። «በዕለቱ በመማር ማስተማር ሂደት ላይ ሰፊ ውይይት ተካሂዷል»። ሰኞም፣ ማክሰኞም፣ ረቡዕም ሰፊ ውይይት ተካሂዷል። እኔና እህቴ እንስቅ ነበር፤ እሷ ግን አትስቅም። መዝገቡን የሚያይ ሰው እንዳለ ታውቃለች፣ ያ ሰውም ውሸት መሆኑን እንደሚያውቅ ታውቃለች፣ አለመሙላት ግን እንደማይቻልም ታውቃለች።

ይህን የምለው የድሮው ክትትል ፊት ስለነበረው ይሻላል ለማለት አይደለም። የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» ያየ ሰው እንደዚያ አይልም። አንበርብር ከጀርመን ተምሮ መጥቶ በሚሠራበት ተቋም ውስጥ በባልደረቦቹ ፊት ቆሞ ራሱን እንዲሂስ ሲገደድ፣ ጓደኛው ተስፋዬ ምን እንደሆነ ስናይ፣ ፊት ያለው ዓይን ሰው እንደሚያስበላ ይገባናል። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ፊት ካለው ጋር ቢያንስ ይከራከሩታል፣ ይለማመጡታል፣ አንዳንዴም የእናቴን ዓይነት መዝገብ ይሞሉለታል። በዓሉም ሲጽፍ ሊያነበው የሚችለውን ሰው በፊቱ ያውቅ ነበር። ሎግን ግን ማን ይለማመጠዋል?

የጻፍኩት ሶፍትዌር ውስብስብ አልነበረም። እያንዳንዱ ኮምፒውተር ላይ ትንሽ ፕሮግራም ይጫናል። በየደቂቃው ስንት ጊዜ ኪቦርድ እንደተነካ፣ ስንት ጊዜ ማውስ እንደተንቀሳቀሰ ቆጥሮ ወደ ሰርቨር ይልካል። ምን እንደተጻፈ አይልክም፣ ቁጥሩን ብቻ ነው፤ በዚህ እኮራ ነበር፣ «የሰውን ነገር አናነብም» እያልኩ። አምስት ደቂቃ ሙሉ ምንም ካልመጣ ሰርቨሩ ሰውየውን «ከሥራ ውጭ» ብሎ ይመዘግበዋል። ማታ ላይ ድምሩ ወደ ኤችአር ዳሽቦርድ ይሄዳል፣ በወሩ መጨረሻ ወደ ፔይሮል።

አዲስ ነገርም አልነበረም። አፕወርክ ላይ በሰዓት የሚሠሩ ጓደኞቼ በየአሥር ደቂቃው ስክሪናቸው ፎቶ እየተነሳ ነው የሚውሉት። አንዱ ቡና ሲያፈላ ማውሱን በእጅ ሰዓቱ መስታወት ላይ ያስቀምጠዋል፤ የሰከንድ ቆጣሪው ሲዞር ማውሱ እጅ ያለበት ይመስለዋል። ብልሃቱን ስሰማ ሳቅኩ፣ ከዚያ ደግሞ እንዴት እንደምይዘው አሰብኩ። የሙያ በሽታ ነው።

ምድር ቤት የደንበኞች አገልግሎት ክፍል ነበር፤ ከሁለት ወንዶች በቀር ሁሉም ሴቶች። እኛ አራተኛ ፎቅ ስንሆን ራውተራችን ዩፒኤስ ላይ ነው። የእነሱ ግን አይደለም። መብራት ሲሄድ ጥበቃው ጄኔሬተሩን እስኪያስነሳ፣ ጄኔሬተሩም እምቢ ሲል ናፍጣ እስኪመጣ፣ የምድር ቤት ላፕቶፖች በባትሪ ይሠራሉ፣ ኔትወርክ ግን የለም። የእኔ ፕሮግራም ኔትወርክ ሲጠፋ የቆጠረውን አስቀምጦ በኋላ መላክ ነበረበት። ይህን ያውቃል የማይባል ጀማሪ የለም። እኔም አውቅ ነበር፤ «ሁለተኛው ቨርዥን ላይ» ብዬ ትቼው ነበር። ስለዚህ መብራት በሄደ ቁጥር ምድር ቤቱ በሙሉ ከሥራ ውጭ ይሆናል። አራተኛ ፎቅ ደግሞ ሁልጊዜ ታታሪ ነው።

በሁለተኛው ወር ደመወዝ ማግስት አንዲት የምድር ቤት ሠራተኛ ወደ እኛ ፎቅ ወጣች። ከእኔ ጥቂት ዓመት ትበልጣለች። በእጇ ባለ ካሬ የሂሳብ ደብተር ይዛለች። ከፈተችልኝ። በቀኝ በኩል ቀን፣ በግራ በኩል መብራት የሄደበትና የመጣበት ሰዓት፣ ከሥሩ በገዛ ስልኳ የደወለችላቸው ደንበኞች ቁጥር። «8፡10 ሄደ፣ 9፡25 መጣ»። እንዲህ እያለ ሰባት ስምንት ገጽ። የመጀመሪያው ወር ደመወዟ ሲቆረጥ ጀምራ ነው የጻፈችው። «ወንድሜ፣ እዚሁ ነበርኩ እኮ» አለችኝ። «ሰው ይጠየቅ።» ኤችአር ወስዳው ነበር። የተሰጣት መልስ «ሲስተሙ እንዲህ ይላል» የሚል ነው።

ሲስተሙ እኔ ነበርኩ።

ደብተሩን ፎቶ አንስቼ ከሎጉ ጋር አስተያየሁት። አንድ ሰዓት አልፈጀብኝም። ከሁለትና ሦስት ቀን በቀር ቀዳዳው ሁሉ ይገጥማል፤ የእሷ ደብተር ውስጥ መብራት የሄደበት ሰዓት የእኔ ሎግ ውስጥ ምድር ቤት ባዶ የሆነበት ሰዓት ነው። በዚያው ማታ ኮዱን አስተካከልኩ። ለለውጡ የጻፍኩት መግለጫ «የኔትወርክ ችግር ተስተካክሏል» ይላል፤ ሦስት ቃል፣ ከእናቴ መዝገብ ጋር አንድ ዘር። ለአለቃዬ ነገርኩት። ያለፈው ፔይሮል ተዘግቷል፣ ከዚህ በኋላ ግን አይደገምም አለኝ። ሌላ አልጠየቅኩም። ለኤችአር አልጻፍኩም፣ ለእሷም ወርጄ ጥፋቱ የእኔ ነው አላልኳትም። ከወር በኋላ ለቀቀች። በዚህ ምክንያት ይሁን በሌላ አልጠየቅኩም፤ ለመጠየቅ ፊት አልነበረኝም።

ወደ ኦሮማይ የመለሰኝ ያ ደብተር ነው። ሁለቱም የሠራተኛ ምስክርነት ናቸው፤ ቀጣሪው ከያዘው መዝገብ አጠገብ የተጻፉ፣ እዚያ ነበርኩ የሚሉ። በዓሉ በጻፈበት ዘመን ግን መዝገብ ያዡ ምስክርነቱን ይፈራው ነበር። ፈርቶት ሰበሰበው፣ ጸሐፊውንም አጠፋው። በዚህ ውስጥ አስከፊ የሆነ አክብሮት አለ፤ ቃል ከወጣ ነገር ይለውጣል የሚል እምነት ገዳዩም ሟቹም ዘንድ ነበረ። የእሷን ደብተር ግን ማንም አልቀማትም። አላስፈለገም። ዳታቤዙን ስሠራ የሰጠሁት ኮለም የሠራተኛ ቁጥር፣ ሰዓትና ሁኔታ ነው። «ለምን» የሚል ኮለም የለም። ደብተሩ የሚገባበት ቦታ ስለሌለ ውሸት መሆኑን ማረጋገጥ እንኳ አላስፈለገም።

እዚህ ላይ ከኦሮማይ ጋር መጣላት አለብኝ፤ ሦስተኛው ንባብ ቅር ያሰኘኝም ነገር አለና። ጸጋዬ መታየት ያስመርረዋል፣ እሱ ራሱ ግን ከማየት አይቆጠብም። ፊያሜታን ስናውቃት መጀመሪያ የምናውቀው መልኳን፣ አረማመዷን፣ ወንዶች ሲያዩዋት የሚሆኑትን ነው። እሷ ምን ታያለች? ይህችን ከተማ፣ ይህን ከአዲስ አበባ የመጣ ሹም፣ በዙሪያዋ የሚርመሰመሱትን ሰላዮች እንዴት ታነባቸዋለች? ትረካው በእሱ አፍ ስለሆነ ከእሱ ዓይን ውጭ አንወጣም። ሮማን ደግሞ የባሰባት ናት። የት ነህ፣ ከማን ጋር ነህ፣ ምን ይሆን የምታደርገው እያለች የምትሰጋ ሴት፤ ማለትም አለቆቹና ሰላዮቹ የሚጠይቁትን ጥያቄ የምትጠይቅ። መጽሐፉ ቅናቷን እንደ ቀላል ጨዋታ ያየዋል። ከሁሉም ጠያቂዎች መካከል ግን መልስ የሚገባት እሷ ብቻ ናት፤ የሚዋሻትም እሷኑ ነው። በሁለተኛው ንባቤ ይህን አላየሁትም ነበር። ምድር ቤት እነማን እንደሚቀመጡ፣ አራተኛ ፎቅ እነማን እንደሚቀመጡ ካየሁ በኋላ ግን አለማየት አልቻልኩም። ማን ነው የሚተርከው፣ ማን ነው የሚተረክበት የሚለው ጥያቄ በመጽሐፉ ውስጥም ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፣ በዓሉም እስከ መጨረሻው ድረስ አልወረደም።

ይህን ጽሑፍ ያነበበች ኤችአር የምትሠራ ጓደኛዬ «አንተ ደግሞ ጻድቅ አትምሰል» አለችኝ። ጠዋት ፈርመው ሄደው ማታ ተመልሰው የሚፈርሙ ሰዎች አሉ፣ የጨረታ ዋጋ ለተፎካካሪ የሚልኩ አሉ፣ ለሌላ ሰው የሚፈርሙ አሉ፤ አሻራ የመጣው በዚህ ምክንያት ነው አለች። እውነቷን ነው። እንዲያውም ልጨምርላት እችላለሁ፤ እኔ ራሴ አንድ ጊዜ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ሲከለከል ያስከፈለኝ የበር አሻራ መዝገብ ነው። መዝገብ የሠራተኛም ምስክር መሆን ይችላል። ያ የሆነው ግን ቅጂው በእጄ ስለነበረ ነው፤ የሚያውቀኝ ልጅ በፍላሽ ገልብጦ ሰጥቶኝ።

ሕጉ ከእኛ ቢሮዎች ቀድሞ ሄዷል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ሲጠብቅ በስልክና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚደረግ ግንኙነትንም ይጨምራል፤ በቢሮ በር ላይ ያበቃል አይልም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ሰብአዊ ክብር እንዲጠብቅ ያስገድዳል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ ከሁሉም በላይ እኔን የሚመለከት ነው፤ የአሻራ ዓይነት ባዮሜትሪክ ዳታን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ውስጥ ያስቀምጠዋል፣ ባለቤቱም ስለ እሱ የተያዘውን የማየትና የተሳሳተውን የማሳረም መብት ይሰጠዋል። ተቆጣጣሪው የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ችግሩ «ተስማምቻለሁ» የምትለዋ ቃል ላይ ነው። ሥራ ስንቀጠር ከምንፈርመው ወረቀት ውስጥ አንዱ ገጽ ላይ አለች። አልስማማም ብሎ የተቀጠረ ሰው አይቼ አላውቅም።

የውጭውን ዓለም ያየን እንደሆነ ሁለት ጉዳዮች ከዚህ ጋር ይመጣሉ። አንዱ ባርቡሌስኩ የተባለ ሮማንያዊ መሐንዲስ ነው። ቀጣሪው የሥራ ያሁ ሜሴንጀሩን አንብቦ፣ ከወንድሙና ከእጮኛው ጋር የተጻጻፈውን አትሞ አባረረው። ጉዳዩ እስከ አውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ፍርድ ቤቱም በ2017 እ.ኤ.አ. የቀጣሪ መመሪያ በሥራ ቦታ ያለን የግል ማኅበራዊ ሕይወት ወደ ዜሮ ሊያወርደው አይችልም ሲል ፈረደለት። ሳነበው ጸጋዬና ሮማን ትዝ አሉኝ፤ ሠላሳ አምስት ዓመት ቢፈጅም የእጮኛ ወሬ የሥራ ፋይል እንዳልሆነ የተናገረ ዳኛ ተገኘ።

ሁለተኛው ይበልጥ የእኛ ይመስላል። ጀርመን ኑረምበርግ ባለው የኤችኤንድኤም የአገልግሎት ማዕከል አለቆች ከሕመም ወይም ከዕረፍት የተመለሰን ሠራተኛ ቁጭ አድርገው «እንዴት ነበር?» ብለው ያጫውቱታል። ሰውየው ስለ ሕመሙ፣ ስለ ቤተሰቡ ጣጣ፣ ስለ እምነቱ ያወራል። ሲወጣ አለቃው ያንን ይጽፈዋል፣ ፋይሉንም እስከ 50 የሚደርሱ ኃላፊዎች ይከፍቱታል። በ2020 እ.ኤ.አ. የሐምቡርግ ዳታ ጥበቃ ባለሥልጣን 35.3 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣቸው። ግምገማና ዳታቤዝ ሲጋቡ የሚወለደው ይሄ ነው፤ የቀበሌ ወሬ በኤክሴል። ጉዳዩ የታወቀው እንዴት መሰላችሁ? በሲስተም ማስተካከል ስህተት ፋይሉ ለጥቂት ሰዓታት ለሠራተኛው ሁሉ ክፍት ሆነ። ጋዜጠኛም ሰላይም አይደለም ያወጣው፣ ባግ ነው። የእኔ ባግ ሰዎችን ደበቀ፣ የእነሱ ባግ ሰዎችን አሳየ።

በ2025 እ.ኤ.አ. ኦሮማይ በዴቪድ ደጉስታና በመስፍን ፈለቀ ይርጉ ተተርጉሞ በእንግሊዝኛ ወጥቷል። እዚያ እንደ ስለላ ልቦለድ ነው የቀረበው፣ ቢሸጥ ደስ ይለኛል። እኛ ግን ሰላዩን ፍለጋ ማንበባችንን ብንተው ጥሩ ነው። «ኦሮማይ» የምትለዋ ቃል ከጣሊያንኛ ወደ አስመራ የገባች፣ አበቃ፣ አከተመ እንደማለት ናት። ምድር ቤት ያለችው ሴት ደብተሯን ዘግታ ስትወርድ ፊቷ ላይ ያየሁት ነገር በአማርኛ ምን እንደሚባል ስፈልግ የመጣችልኝ ይህችው ቃል ነበረች።

አሁን ሌላ ቤት ነው የምሠራው። እዚህም በር ላይ አሻራ አለ፣ ላፕቶፔ ላይም የማልጽፈው፣ የማልከፍተው ትንሽ ፕሮግራም ተጭኗል። ባለፈው ወር ወደ ኤችአር ሄጄ ስለ እኔ የተመዘገበውን እንድትሰጠኝ ጠየቅኳት። የምታስቅ፣ ጥሩ ልጅ ናት።

«ምን ልታደርግበት ነው?» አለችኝ።

«ላነበው።»

«ማንም ጠይቆን አያውቅም እኮ።» ከዚያ ኮምፒውተሯን ትንሽ ጎረጎረችና ይህ ከእሷ በላይ እንደሆነ ነገረችኝ። ማመልከቻ ጻፍ ተባልኩ። ጻፍኩ፤ የአዋጁን ቁጥር አስገብቼ፣ ቀን አስፍሬ፣ አንድ ቅጂ ለራሴ አስቀርቼ። ዛሬ 19ኛ ቀኑ ነው።